መጠበቅ፣ ማቆየት፣ ማስቀረት

ግንቦት 10 ቀን 2017፣ እሑድ

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ሚሊዮን ነው። ልጄ ፋሲካ እሱን ሳታገባ በፊት ቤታችን ሰላም ነበር። ፊት ለፊት «አንተ ነህ» ለማለት ድፍረት ባጣ እንኳ ስሙ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባልና ሚስቱን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እነሱም ከጸሎት ቤታቸው እየመጡ ነው። ሚሊዮን ኬክ ይዟል። ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለኝ። ሁልጊዜ እርስዎ፣ ሁልጊዜ ጎንበስ። አንድ ቀን ተሳስቶ ቢያመናጭቀኝ ደስ ባለኝ፤ የምይዝበት አጣሁ።

ኬኩ ካለቀ በኋላ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሆሳዕና የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ስትጨርስ ሳንሱሲ እነሱ ጋ ትሁን አለ። ደህና ትምህርት ቤት አለ፣ የራሷ ክፍል ይኖራታል፣ ግድግዳውን ራሱ ቀለም ቀብቶታል። ፋሲካ ቀና ብላ አላየችኝም። ሆሳዕና ጓሮ ዩኒፎርሟን እያጠበች ስለነበር አልሰማችም። ያልሰማች ይመስለኛል።

እኔም «መጀመሪያ ትፈተን» አልኩ። 

ግንቦት 11

የማጥብለት ቤርጎ አንሶላ ከቅዳሜ ጀምሮ ተከምሮ ጠበቀኝ። ዝናብ። ምንም የደረቀ የለም። እጄ ተላጠ።

ቀለም ቀባ። ማን ቅባ አለው?

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ይህን ጽፌው አላውቅም። አንድ ጊዜ ልጻፈው። ሆሳዕና የፋሲካ ልጅ ናት።

ፋሲካን የወለድኳት በትንሣኤ ማግስት ነው። እሷ ደግሞ ገና ልጅ ሆና፣ ለሆሳዕና ዋዜማ፣ ሴት ልጅ ታቅፋ ከጤና ጣቢያ መጣች። አባትየው ሄዷል፤ በዚህ ቤት ስሙ አይነሳም። ልጅቷ ጡት እንደጣለች ፋሲካ ቤይሩት ለሥራ ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ አንገቴን አቅፋ «እማዬ፣ ጠብቂልኝ» አለችኝ። ጠበቅኩላት።

እኔ ባደግኩበት በቢቸና የበኩር ልጅ የአያት ነው። እናት በእናቷ ፊት «ልጄ» ብላ አትጠራም፤ ነውር ነው። ሆሳዕናም አፏን ስትፈታ እማዬ ያለችው እኔን ነው። በይ አላልኳትም። አትበይም አላልኳት። ከቤይሩት የተላከውን ፎቶ ስታይ ፋሲካን እቴቴ በያት ያልኳት ግን እኔ ነኝ፤ ታላቅን በስም ብቻ መጥራት ብልግና ነው። ትምህርት ቤት ሳስገባት የአባት ስም ሲሉኝ የባሌን የደመቀን ስም ሰጠሁ። ነፍሱን ይማረውና ደመቀ ምን ይከፋዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ እናትና ልጅ እህትማማች ሆኑ። ያስገደደ ሰው አልነበረም።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

የእንግሊዝኛ መምህሯ፣ የኔሰው የሚሉት ወጣት፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ግስ ከነዘመዶቹ አከፋፍሏል። ለሆሳዕና የደረሳት «ኪፕ» ነው። ኪፕ ማለት ጠበቀ ነው ብላ ጀመረችና ቆመች። ያዘም ነው፣ አስቀመጠም ነው፣ አቆየም ነው፣ አንድን ሥራ ሳያቋርጡ መቀጠልም ነው። ስግብግብ ቃል ነው፤ የሁሉን ሥራ ጠቅልሎ ይዟል። አማርኛ ለእያንዳንዱ ሥራ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

መምህሩ ከመዝገበ ቃላት አትገልብጡ፣ ቤታችሁ ጠይቃችሁ በቤታችሁ ምሳሌ ጻፉ ብሏቸዋል። ስለዚህ እኔን ጠየቀችኝ። «ስቶር» ብላ በኋላ የሚፈለግን ነገር ማኖር እንደሆነ አስረዳችኝ። በርበሬ በጣሳ፣ አልኳት። «ፕሪዘርቭ» እንዳይበላሽ አድርጎ ማቆየት። ቋንጣ፣ አልኳት። «እማዬ፣ ሁሉም ምግብ ሆነብሽ እኮ» ብላ ሳቀች። «ጋርድ» ዘብ መቆም። «ሆልድ» በእጅ መያዝ። አስፋልት ስትሻገሪ እጅሽን የምይዝሽ፣ አልኳት። «አሁን እኮ አትይዢኝም» አለች። እይዛለሁ። የምታስለቅቀኝ እሷ ናት።

ፊደል የቆጠርኩት ከእሷ ጋር ነው። አንደኛ ክፍል ገብታ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሀ ሁ ሂ ስትል እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ በከንፈሬ እከተላት ነበር። ስታየኝ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝና እጄን በእጇ ይዛ «ለ»ን አጻፈችኝ። አንድ ቀን ታክሲ ላይ የተለጠፈውን ሳነብ ረዳቱ «እናት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢልን» ብሎ ቀለደብኝ። አነበብኩለት። የምጽፍበት ይህም ደብተር የእሷ ትራፊ ነው።

ሚሊዮን የልጅ ክፍል ቀለም ሲቀባ ከዚህ ቤት ምን እንደሚነቅል የሚያውቅ ይመስለዋል?

ግንቦት 19

ሃጂራ ጎረቤቴ ናት፤ በዚህ ግቢ አብረን አርጅተናል። ዛሬ ቧንቧው ጋ ለምራቷ ለእሙ ስታወራ ከግንቡ ወዲህ ሆኜ ሰማኋት። «አደራ ሲቆይ የራስ ይመስላል» አለች። ስለ ማን እንደምታወራ አልሰማሁም። ስለ ዕቃ ይሆናል።

ብቅ ስል «የሆሳዕና እናት፣ እንዴት ዋልሽ» አለችኝ። ድሮ የፋሲካ እናት ነበር የምትለኝ። መቼ እንደተለወጠ አላስታውስም።

ግንቦት 22

ራሴን አሞኛል። ሆሳዕና እያጠናች እንቅልፍ ይጥላታል። ከስታለች። ሽሮ ብቻ።

የቤርጎው አስተዳዳሪ አንሶላው ሳሙና ይሸታል አለ። ታዲያ ምን ይሽተት?

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ፋሲካ ብቻዋን መጣች። ሆሳዕና ትምህርት ቤት ነበረች። ወጥ ላወጣላት ስነሳ አልበላም አለች። ቆማ ነው የተናገረችው።

ከቤይሩት ስትመለስ ልጅቷ ገና አልለመደችሽም፣ ቀስ በይ ብያት ነበር፤ ቀስ አለች። ከዚያ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ይለፍ አልኳት፤ አለፈ። አሁን ደግሞ ስምንተኛ። «ቀጥሎ ሠርጓ ይለፍ ትይኛለሽ» አለች። ልጅቷን የምትነግራት እሷ ራሷ እንደሆነች፣ ሚሊዮን እንዳልሆነ፣ እኔም እንዳልሆንኩ ተናገረች። ከፈተናው በፊት አንድ ቃል ብትተነፍሽ ልጅቷ ብትወድቅ በአንቺ ነው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። እሺ፣ እስከ ፈተናው አለች።

ይበቃት ነበር። ግን የስልኩን ነገር አነሳች። ቤይሩት እያለች አርብ አርብ ማታ፣ አሠሪዎቿ ሲወጡላት፣ ትደውል ነበር። «በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ትይኝ ነበር፤ የማን ልጅ ነው ዓመት ሙሉ የሚተኛው?» አለችኝ።

አንዳንዴ ተኝታ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ልትተኛ ነበር። የእናቷን ድምፅ ሰምታ ስትነፋረቅ አቅፎ የሚያድረው ማን ነው? ስልክ የደወለው ሰው አይደለም።

በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

«እኔ ጠብቂልኝ ነው ያልኩሽ፤ አስቀሪያት አላልኩሽም።»

ይህንን ሚሊዮን ነው ያስጠናት። የእኔ ልጅ እንዲህ መናገር አታውቅም።

ሰኔ 2

የሰኔ ጾም ገባ። ሚሊዮን ለሥራ በዚህ በኩል ሲያልፍ ሙዝና አቮካዶ በር ላይ አስቀምጦ ሄደ። የእኛን ጾም አስታውሶ መሆኑ ነው። እሱ አይጾምም። ባይጾምም ያስታውሳል። ይህም አናደደኝ።

ሙዙን ለእሙ ልጆች ሰጠሁ። ሆሳዕና አንዱን አስቀርታ ኖሮ ማታ ስትበላው አየኋት።

ሰኔ 4

ጥናቷን ልትጨርስ የኪፕ አንድ ዘመድ ቀረ። «ዊዝሆልድ»። ትርጉሙን አስረዳችኝ። ለሌላ ሰው የሚገባውን ነገር ይዞ አለመስጠት ነው። «አማርኛው ምንድን ነው፣ እማዬ?»

አላውቅም አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በርበሬና ቋንጣ የማያጣ አፌ አንዲት ቃል ማጣቱ ሳይገርማት አይቀርም። ወጡን ላማስል ተነሳሁ።

ሰኔ 5

መምህሩ መንፈግ ነው ብሏታል። አውቀው ነበር፤ በሰዓቱ አልመጣልኝም። ለሌሎቹ ሁሉ ምሳሌ ጽፋ የዚህን አጠገብ ባዶ ተወችው። ለምን ስላት «ምሳሌ አጣሁለት» አለች። እንደዚያ ስትል ፊቷን አላየሁትም፤ ጫማዋን ታስር ነበር።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ወንድሜ ፀሐዬ ቢቸና ነው ያለው፤ አርሶ አደር ነው። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ደወልኩለት። ሆሳዕና ክረምቱን እናንተ ጋ ትክረም አልኩት። በደስታ አለ፤ እህል አለ፣ ወተት አለ፣ ለመስከረም ምን ያስቸኩላታል አለ። እዚያም ትምህርት ቤት አለ። የመጨረሻውን እሱ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም።

ፈተናው ሐሙስ ያልቃል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ አለ፤ አደርሳታለሁ። ለፋሲካ ከደረስን በኋላ እደውልላታለሁ። አያት የልጅ ልጇን አገሯን ብታሳይ ምን ነውር አለው? ማንም የማያደርገው ነገር አይደለም።

ለሆሳዕና ደግሞ ፈተናው ሲያልቅ እነግራታለሁ። አሁን ሐሳቧ እንዳይበተን።

ሰኔ 9

ሻንጣ ከአልጋዬ ሥር አዘጋጀሁ። ሹራብ፣ ካልሲ፣ ወፍራሙን ጋቢ። ቢቸና በክረምት ብርዱ አጥንት ይገባል።

ሃጂራ ሹራቡን አጥቤ ስሰቅል አይታ ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ለሰው ሳልናገር ልፈነዳ ነበር። በኛ አገር እንዲህ ነው ስላት «አገራችሁ ላንቺ ሲሆን ይመቻል» አለች። ቀጥላም «ልጅቷን ጠይቀሻታል?» አለችኝ። ልጅ ይጠየቃል እንዴ?

ባልዲዋን አንስታ ስትሄድ «በይ ደህና ዋይ፣ የፋሲካ እናት» አለች።

የፋሲካ እናት። ሆን ብላ ነው።

ሰኔ 11

የመጀመሪያው ቀን። በሶ በጥብጬ ሰጠኋት። አማርኛና ሒሳብ ደህና ነው አለች።  ነገ እንግሊዝኛ።

ሰኔ 12

የለችም።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

የትናንቱን አሁን እጽፋለሁ። 

ፈተናው ቀትር ላይ ያልቃል። የሚካኤል ቀን ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ ተመልሼ ምስር ሠርቼ ጠበቅኩ። ከጓደኞቿ ጋር ትሆናለች አልኩ። ምስሩ ቀዘቀዘ፣ ዝናቡ መጣ። ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ፤ ዘበኛው ሁሉም ወጥተዋል አለኝ። አጠና ተራን ዞርኩ። ታክሲ ይዤ አየር ጤና ወረድኩ። ለምን አየር ጤና እንደሄድኩ አላውቅም፤ ሰው የሚጠፋው ሰው የሚበዛበት ይመስለኛል። ረዳቶቹ «ቤቴል፣ ቤቴል» ይጮኻሉ፣ ዩኒፎርም የለበሰች ሁሉ እሷን ትመስላለች። አንዷን ክንዷን ይዤ አዞርኳት። ልጅቷ ደነገጠችና «እማማ፣ ይልቀቁኝ» አለችኝ።

እንደበሰበስኩ ቤት ስገባ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ብቅ ብሎ አየሁት። ዚፑ ተከፍቷል። ሹራቡ ከላይ ተቀምጧል። እኔ ከታች ነበር የከተትኩት።

ያን ጊዜ ገባኝ።

ፋሲካ ስልክ አታነሳም። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚሊዮን ጋ ደወልኩ። ወዲያው አነሳው። «እማማ፣ እኛ ጋ ናት፣ ደህና ናት፣ በልታለች። እንዳይሰጉ» አለ። ምንም ሳልጠይቀው፣ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ ስልኩን ለእሷ ሰጣት።

ተኝታለች ማለት ይችል ነበር።

ሲመሻሽ በመኪናው አደረሳት። እሱ አልወረደም፤ እሷ እስክትገባ መብራቱን አብርቶ ጠበቀና ሄደ። ሆሳዕና ገብታ ከሻንጣው አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልቆጣ የያዝኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

ሻንጣውን ያየችው ጠዋት ጫማ ስትፈልግ ነው፤ ሹራቡንና ጋቢውን ስታይ ለቢቸና እንደሆነ ገባት። ተፈትና ስትወጣ በጓደኛዋ ስልክ ፋሲካ ጋ ደወለች። እቴቴ ጋ ለምን ደወልሽ፣ እኔ እያለሁ፣ አልኳት።

«እማዬ፣ እናቴ እንደሆነች አውቃለሁ» አለች። «አራተኛ ክፍል እያለሁ ውኃ ስንቀዳ የእሙ ልጅ ነገረችኝ።»

ድምፅዋ አልተለወጠም። ያጠናችውን ቃል እንደምትመልስ ነው የተናገረችው። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«አንቺን እማዬ፣ እሷን እቴቴ እንድል ስለፈለግሽ። ጠበቅኩልሽ።»

  ብትናደድብኝ አውቅበታለሁ፤ አልተናደደችም። ቢቸና እንደማትሄድ ነገረችኝ። ክረምቱን ሳንሱሲ ትሆናለች፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ የመስከረሙን ያኔ እናያለን አለች። ልጅ ይጠየቃል እንዴ ብዬ ነበር። ጠይቄአት ቢሆን የምትለው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ እኔ ልብሴን ስቀይር ከመጋረጃው ወዲያ ስልኬን አንስታ ስታወራ ሰማሁ። ለካ ለብቻቸው ሲሆኑ ፋሲካ ሌላ ስም አላት።

«ማሚ፣ ደርሻለሁ» አለች።

ሚሊዮን ነው ያስተማራት ልል ፈለግኩ። ምን እንደሚጠቅመኝ ግን አጣሁት።

ሰኔ 22

ሄደች። ያንኑ ሻንጣ ይዛ። ሳንሱሲም ይበርዳል ብዬ ሹራቡን አላወጣሁትም። ሚሊዮን ሻንጣውን ተሸከመ። «እማማ፣ እርስዎም እኮ ቢመጡ…» ብሎ ጀመረ፤ አየሁትና ተወው። ፋሲካ ጉንጬን ሳመችኝ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ግን ሳመችኝ።

ሃጂራ ቡና አፈላሁ ብላ ላከችብኝ። አልሄድኩም።

ሰኔ 28

ከአንሶላ በቀር የምጽፈው የለም። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ።

ለአንድ ሰው ምስር መሥራት አይቻልም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል።

ሐምሌ 8

ቤርጎው ውስጥ አንዲት ሴት ፎጣዋን ረስታ ሄዳ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። አጥቤ አጣጥፌ አቆይቼላት ነበር። ስሰጣት እንደማይጠፋ ዕቃ ተቀብላኝ ሄደች። አላመሰገነችም። ለነገሩ የራሷ ነው።

ማታ ደብተሩን ስከፍት እነዚያ ቃላት መጡብኝ። ስንቱን በቋንጣና በበርበሬ አቃለልኩት።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሆሳዕና ትናንት መጥታ አደረች። ወፈር ብላለች። ፀጉሯን ፋሲካ ሠርታታለች፤ ሹሩባው ትንሽ ጠብቋል፣ ግን ያምራል። እኔን አሁንም እማዬ ነው የምትለኝ። ሁለት እናት በአንድ አፍ እንዴት እንደምታስተናግድ አልጠየቅኳትም።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አልጋዬ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። እንደ ሕፃንነቷ አፏን ከፍታ። አጠገቧ ተቀምጬ የሽሮ አተር ስለቅም ስልኬ ጮኸ። ፋሲካ ናት። ለብርቱ ጉዳይ አይደለም። «ሆሳዕና አለች?» አለችና ዝም አለች። ዝምታውን አውቀዋለሁ። ከቤይሩትም እንደዚሁ ነበር፤ ጠይቃ መልሱን እስክትሰማ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

ተኝታ ነበር። ዛሬ እውነቴን ነው፣ ተኝታ ነበር። ቃሉም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የለመደ ነውና መንገዱን ያውቃል።

«ያዢው» አልኳት። ሰፌዱን አስቀምጬ የልጅቷን ትከሻ ነካሁ።

«ሆሳዕና፣ ተነሺ። እናትሽ ናት።»

ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ዘረጋች። ስልኩን አስጨበጥኳትና ባልዲው ሞልቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ደጅ ወጣሁ። አልሞላም ነበር። እዚያው ከቆርቆሮው ጥግ ቆምኩ። ከውስጥ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር።

ሚሊዮንን ይቅር አላልኩትም። ቀለሙንም ሄጄ አላየሁለትም፤ ምናልባት ለደብረ ታቦር በዓል እሄድ ይሆናል። ያለፉትን አርቦች ማን ይመልሳቸዋል፤ እነሱ አለፉ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ፋሲካ ስትደውል ተኝታለች አልልም፤ ብትተኛም።